ልጅ ያልወለደው ሴሌድ ለምን ተጻፈ?

መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት አንብበው ለመጨረስ የወሰኑ ምእመናን አንድ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «አንደኛ ዜና መዋዕል ላይማ... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘለልኩት» ይሉናል። አንፈርድባቸውም። ከአዳም ተነሥቶ ዘጠኝ ምዕራፍ ሙሉ ስም ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ የእገሌ ልጆች እነ እገሌ ናቸው። እኛም በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ለፈተና ያህል አጥንተነው በማግስቱ ረስተነዋል። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ በቆምንባቸው ዓመታት ሁሉ ከእነዚያ ዘጠኝ ምዕራፎች አውጥተን የሰበክነው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ያቤጽ ነው።

ያቤጽን የማያውቅ አማኝ ጥቂት ነው። አገሩ እንዲሰፋለት ጸለየ፤ እግዚአብሔርም የለመነውን ሰጠው (1ኛ ዜና 4፥9-10)። ብሩስ ዊልኪንሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ2000 በዚህች አጭር ጸሎት ላይ ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። በእኛም ጉባኤ ያቤጽ ሳይጠራ ያለፈ የአዲስ ዓመት ዋዜማ አናስታውስም። ጸሎቱን አንቃወምም፤ ቃሉ ውስጥ ያለ ጸሎት ነው። የሚከነክነን ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ የተሳካለትን ሰው መርጠን ማውጣታችን፣ ጎረቤቶቹን ደግሞ እዚያው ትተናቸው መሄዳችን ነው።

ከያቤጽ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ሴሌድ የሚባል ሰው አለ (1ኛ ዜና 2፥30)። ከይሁዳ ነገድ፣ ከይረሕምኤል ቤት ነው። የአባቱ ስም ናዳብ፣ የወንድሙ ስም አፋይም መሆኑ ተጽፏል፤ ከዚያም ያለ ልጆች መሞቱ ተጽፏል። ሌላ የለም። ስንት ዓመት እንደ ኖረ፣ ምን ሠርቶ ያድር እንደ ነበር አልተነገረም። ሁለት ቁጥር ዝቅ ስንል ዬቴር የሚባል የአባቱ የአጎት ልጅ አለ፤ እርሱም ልጅ ሳይኖረው መሞቱ ተጽፏል። (የስሞቹ ፊደል በእጃችሁ ካለው ትርጉም ጋር ጥቂት ቢለያይ አትገረሙ፤ ትርጉሞቻችን በስሞች ላይ አንድ አይደሉም።)

እስቲ እንጠይቅ። የትውልድ ሐረግ ሥራው ምንድን ነው? ከአባት ወደ ልጅ መሻገር አይደለምን? ርስት የሚከፈለው በእርሱ ነው። ለክህነት የሚገባው ከማይገባው የሚለየው በእርሱ ነው፤ ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት መካከል ስማቸውን በመዝገብ ፈልገው ያጡ ካህናት ከአገልግሎት መከልከላቸውን ዕዝራ 2፥62 ይነግረናል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ሴሌድ አይጠቅምም። ከእርሱ የሚቀጥል ሰው የለም፤ በስሙ ርስት የሚጠይቅ የለም። ጸሐፊው ከናዳብ በቀጥታ ወደ አፋይም ቢያልፍ ኖሮ የዘር ሐረጉ አንዳች አይጎድልበትም ነበር። ግን አላለፈውም።

በእኛ አገር የዚህን ክብደት ለመረዳት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የሰማ ሰው ያውቀዋል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በወንድምና በእኅት በኩል ወደ ታች ይወረዳል። በዚያ ቆጠራ ልጅ ያልወለደ አጎት አይጠራም። ክፋት ኖሮ አይደለም፤ በእርሱ በኩል የሚያልፍ መንገድ ስለሌለ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን የምንጠራው በቤተ ሰብ ስም ሳይሆን በአባታችን ስም ነው። አባት ከሞተ በኋላም ስሙ በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው የሚጠራው በልጁ መታወቂያ ላይ ስላለ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ግን ሲሞት ስሙን ይዞለት የሚዞር መታወቂያ የለም። ሙሽሮችን «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለን የምንመርቀው፣ ልጅ ሳይተካ የሞተውን «ቤቱ ተዘጋ» የምንለው ለዚህ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን የአንድ ወንድማችን ሞት ነው። ስለ ስም እየጻፍን የእርሳቸውን ስም አለመጥራታችን እኛንም ይከነክነናል፤ ነገር ግን ባለቤታቸው እንዲህ ይሁን ብለዋል።

ወንድማችን ለረጅም ዘመን የጉባኤያችን ጸሐፊ ነበሩ። ሕፃናት ለጌታ በሚቀርቡበት እሑድ ሁሉ የሕፃኑን ስም፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን በትልቁ መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት እርሳቸው ነበሩ። ጽሕፈታቸው ያምር ነበር። አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት ወላጆቹን ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ «በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው?» ይሉ ነበር። ዛሬ በመዘምራን ቡድናችን ውስጥ ያሉት ወጣቶች ስም አብዛኛው በእርሳቸው እጅ የተጻፈ ነው። እርሳቸውና ባለቤታቸው ግን በ31 ዓመት ትዳራቸው ልጅ አልወለዱም።

የደረሰባቸውን ሁሉ አንዘረዝርም። ከባል ዘመዶች በኩል «ዘር ይተካ እንጂ» የሚለው ነገር መጀመሪያ በምክር፣ በኋላ በዘለፋ መጣ። ወንድማችን አልተበገሩም። ልባችንን የሚነካው ግን የእኛ ድርሻ ነው። በየዓመቱ ማለት ይቻላል፣ ተጋብዞ የመጣ አገልጋይ ባልና ሚስቱን ወደ መድረክ ያስጠራቸዋል። «የዛሬ ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅ ታቅፋላችሁ» ይባላል። ጉባኤው እልል ይላል። እኛም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠን አሜን እንላለን። ዓመቱ ዞሮ ሲመጣ ያ አገልጋይ የለም፤ እኅታችን ግን በዚያው ወንበራቸው ላይ አሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቤታቸው ሄደን «ያ የተነገራችሁ ነገር አልሆነም፤ ይቅር በሉን» አላልናቸውም። ይባስ ብለን፣ «በሕይወታችሁ በረከቱን የከለከለ ነገር ይኖር ይሆን? እስቲ ጾማችሁ ራሳችሁን መርምሩ» ብለን የመከርናቸው እኛው ነን። ጾሙ። መረመሩ። ምን እንዳገኙ አልጠየቅናቸውም።

ወንድማችን ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን ማዘጋጀት በእኛ ላይ ወደቀ። የሕይወት ታሪክ መዝጊያው እንዴት እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። «ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» ይባላል፤ ከዚያ ለቤተ ሰብና ለወዳጆች መጽናናት ይለመናል። እዚያ መስመር ላይ ስንደርስ እጃችን ቆመ። «ባለትዳር ነበሩ» ብለን አራት ነጥብ አድርገን አለፍን። ሰው ፊት እንዳናሳዝናቸው ብለን ያደረግነው መልካም ነገር መስሎን ነበር። ከቀብሩ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ልንጠይቃቸው ስንሄድ እኅታችን ያንን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አወጡ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አድርገው «እዚህ ጋ ለምን ዘለላችሁት?» አሉን። «ልጅ አልነበረንም። 31 ዓመት ሙሉ የኖርነው ይህንን ነው። ነውር ነው ብላችሁ ነው?»

መልስ አልነበረንም።

ሴሌድን ያገኘነው በዚያ ሳምንት ነው። እኛ ያፈርንበትን መስመር የዜና መዋዕል ጸሐፊ ሳያፍርበት ጽፎታል። በዕብራይስጡ ሁለት አጫጭር ቃላት ናቸው፤ ልጆች የሉም እንደ ማለት ነው። አልሸፋፈነውም። ማጽናኛ አልለጠፈበትም። ምክንያትም አልሰጠውም።

ምክንያት አለመስጠቱን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ይህ ጸሐፊ ጥፋት ሲኖር ዝም የሚል ሰው አይደለም። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የይሁዳ በኵር ዔር በእግዚአብሔር ፊት ክፉ ስለ ነበረ መሞቱን ይነግረናል (2፥3)። ከአራት ቁጥር በኋላ፣ በኢያሱ መጽሐፍ አካን ብለን የምናውቀውን ሰው ሲጠቅስ፣ እርም የሆነውን ወስዶ በእስራኤል ላይ መከራ ማምጣቱን ከስሙ ጋር አያይዞ ይጽፋል (2፥7)። በተለይ ዔርን አስቡት። እርሱም እንደ ሴሌድ ልጅ ሳይተካ ነው የሞተው፤ ታሪኩ ዘፍጥረት 38 ላይ አለ። እንግዲህ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያለ ልጅ የሞቱ ናቸው፤ የአንዱ ክፋት ተጽፏል፣ በሌላው ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ይህ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለንም። በሴሌድ ላይ የሚጻፍ ክስ አልነበረም። የዘር መርገም አልተጠቀሰም፤ የአያት ኃጢአት አልተጠቀሰም፤ እምነት ጎድሎት ነው አልተባለም። እኛ በምክር ክፍላችን ለዚያ ቤት የጨመርንላቸውን ሸክም ጸሐፊው ለሴሌድ አልጨመረበትም።

ደግሞም ዝርዝሩ ሲዘጋ፣ እነዚህ ሁሉ የይረሕምኤል ልጆች መሆናቸውን ተናግሮ ይዘጋል (2፥33)። ሴሌድና ዬቴር በዚያ ውስጥ ናቸው። ልጅ ስለ ወለዱ አልተቆጠሩም፤ ልጆች ስለ ሆኑ ተቆጠሩ። ይረሕምኤል ራሱ ስሙ እግዚአብሔር ይራራል ማለት ነው። ቤቱ ግን የታላቅ ሰው ቤት አይደለም። የኤስሮም በኵር ቢሆንም የዳዊት ሐረግ የሚያልፈው በእርሱ ሳይሆን በወንድሙ በአራም በኩል ነው። ዳዊት ከምርኮ ባገኘው ዕቃ ስጦታ ከላከላቸው መካከል የይረሕምኤላውያን ከተሞች ይገኛሉ (1ኛ ሳሙኤል 30፥29)፤ ከዚያ በኋላ ስለ እነርሱ ብዙም አንሰማም። የጎን ቅርንጫፍ ናቸው። ሴሌድ ደግሞ የጎን ቅርንጫፉ የደረቀ ጫፍ ነው። ያም ሆኖ ከአዳም በጀመረው መዝገብ ውስጥ አለ።

«ታዲያ ሐናስ? ሣራስ? ኤልሳቤጥስ?» የሚሉን አሉ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። እግዚአብሔር ማኅፀንን እንደሚከፍት እናምናለን። ለልጅ አብረናቸው ጸልየን፣ ዛሬ ልጆቻቸው በሰንበት ትምህርት ክፍላችን ወንበር የሚገለብጡብን አሉ። መጸለያችንን አናቆምም። ነገር ግን የሐናን ታሪክ የሰጠን መጽሐፍ የሴሌድንም ሰጥቶናል። ሐናን ለሁሉም ሴት የተቆረጠ ቃል ኪዳን አድርጎ የሚሰብክ አገልጋይ ሴሌድን ምን ሊያደርገው ነው? ዘዳግም 7፥14ን ይዘው በሕዝቡ መካከል መካን እንደማይኖር ተነግሯል የሚሉም አሉ። ያ ለአንድ ሕዝብ በአንድነት የተነገረ የቃል ኪዳን በረከት ነው፤ እያንዳንዱን ቤት እየለካ የሚፈርድ ሜትር አይደለም። ያንን ቃል በተቀበለው ሕዝብ መካከል፣ ያውም በይሁዳ ነገድ ውስጥ ነው ሴሌድ የተጻፈው።

ስለዚህ አቋማችንን ሳናድበሰብስ እንናገር። ልጅ ላላገኙ ባልና ሚስት ቀን ቆርጦ ልጅ መተንበይ ከመድረካችን ላይ እንዲቆም እንፈልጋለን። ጌታ በእውነት ተናግሮኛል የሚል ካለ ስልኩን ትቶ ይሂድ፤ በዓመቱም ተመልሶ እነዚያን ሰዎች ፊት ለፊት ያግኛቸው። ያልሆነ እንደ ሆነም ይቅርታ ይጠይቅ። ይህንን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ማይክሮፎኑን አይያዝ። ከባድ ነገር የተናገርን ለሚመስላችሁ፣ በዚያ ጉባኤ መካከል ቆመው እልልታውን በራሳቸው ላይ ሲቀበሉ የኖሩት እኛ አይደለንም።

ትንቢት ብቻ አይደለም የሚጎዳው። «አንቺ ልጅ የለሽም፣ ጊዜ አለሽ» ብለን የጽዳቱን ተራ፣ የሻይ ዝግጅቱን፣ የእንግዳ መቀበሉን ሁሉ አንዲት እኅት ላይ የምንጭነውስ? ሕፃናት በሚቀርቡበት እሑድ ወላጆች ሁሉ ይነሡ ስንል፣ ተቀምጠው የሚቀሩት እነማን እንደ ሆኑ ቆጥረን እናውቃለን? ወንድማችን በእነዚያ እሑዶች ሁሉ ብዕር ይዘው ከመዝገቡ ጀርባ መቀመጣቸው ለእርሳቸውም መጠለያ ሳይሆንላቸው አልቀረም። ይህን ያሰብነው ከሞቱ በኋላ ነው።

ወደ ይረሕምኤል ቤት እንመለስ፤ የሚያስደንቅ ነገር ገና አላለቀም። የሴሌድ ወንድም አፋይም ይሽዒን ወለደ፤ ይሽዒም ሶሳንን። ሶሳን ወንዶች ልጆች አልነበሩትም፤ ሴቶች ብቻ ነበሩት። ቤቱ እንዳይዘጋ ምን እንዳደረገ እዩ። ያርሐ የሚባል ግብፃዊ ባሪያ ነበረው፤ ልጁን ለእርሱ ዳረለት። ከዚህ ጋብቻ ዓታይ ተወለደ፤ ከዓታይ ጀምሮ እስከ ኤሊሳማ ድረስ 13 ትውልድ ሳይቋረጥ አንድ በአንድ ተቆጥሯል (2፥34-41)። በዚህ ቤት ውስጥ ከተጻፉት ሐረጎች ረጅሙ ይህ ነው። እስራኤል ባሪያ ሆኖ ከኖረበት አገር የመጣ ባሪያ፣ በይሁዳ መዝገብ ውስጥ ረጅም ሐረግ የጀመረ አባት ሆነ። በየመንደሩ፣ አንዳንድ ጊዜም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ «የማን ዘር ነው?» እያልን አገልጋይ የምንመዝን ሰዎች ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ብናነበው አይጎዳንም። ያ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ለዛሬ እንተወዋለን።

በነገራችን ላይ ቁጥር 31 የሶሳንን ልጅ አሕላይ ይለዋል፤ ቁጥር 34 ደግሞ ወንድ ልጅ እንዳልነበረው ይናገራል። ስለዚህ አሕላይ ለግብፃዊው የተዳረችው ልጅ ስም ሊሆን ይችላል የሚሉ ተንታኞች አሉ። እንደዚያ ከሆነ፣ ከዳዊት ኃያላን መካከል የተቆጠረው የአሕላይ ልጅ ዛባድ (11፥41) የዚህችው ሴት ዘር ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ግን ደስ የሚል ሐሳብ ነው።

ሆኖም አንድ ጥንቃቄ እናድርግ። ሶሳንን ይዘን ወደ ሴሌድ ቤት አንሂድ። «አየህ፣ እግዚአብሔር በሌላ መንገድ ያደርገዋል» የሚለው ማጽናኛ ለአንዳንዱ እውነት ይሆናል፤ ለሴሌድ ግን አልሆነለትም። ለሶሳን መንገድ ተገኘለት፤ ለሴሌድ አልተገኘለትም፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። በማደጎ ልጅ ያሳደጉ ቤተ ሰቦች በመካከላችን አሉ፤ ጌታን እናመሰግናለን። ያላሳደጉትን ግን «እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?» አንበላቸው።

በእስራኤል ስም መጥፋት ምን ያህል ይፈራ እንደ ነበር ለማወቅ ብዙ መፈለግ አያሻም። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ወንድ ልጅ ያልነበረው የአባታቸው ስም ከወገኑ መካከል እንዳይጠፋ ሙሴ ፊት ቆመው ተከራከሩ፤ ተፈረደላቸውም (ዘኍልቍ 27)። የሟች ወንድም ሚስቱን እንዲያገባ የሚያዝዘው ሕግ ዓላማው ይኸው ነው (ዘዳግም 25)። አቤሴሎም ደግሞ ስሙን የሚያስጠራ ልጅ የለኝም ብሎ በሕይወት ሳለ ለራሱ ሐውልት አቆመ (2ኛ ሳሙኤል 18፥18)። ንጉሣዊ ገንዘብ ያለው ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሴሌድ ሐውልት ማቆሙን አልሰማንም። ስሙን ያስጠራለት ሌላ ሰው ነው።

የዚህን ነገር ጥልቀት የምናየው ኢሳይያስ 56 ላይ ነው። እዚያ እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑን ለሚጠብቁ ጃንደረቦች በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ መታሰቢያና ስም እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ልጅ እሰጣችኋለሁ አላላቸውም። ልብ በሉ፤ ልጅ ከሌለበት የሚበልጥ ነገር ነው የሰጣቸው። መታሰቢያና ስም የሚለው በዕብራይስጡ ያድ ቫሼም ነው። በናዚዎች እጅ ላለቁት አይሁድ እ.ኤ.አ. በ1953 በሕግ የተቋቋመው የኢየሩሳሌሙ መታሰቢያ ስሙን የወሰደው ከዚህ ነው። በዚያ እልቂት ስንት ቤተ ሰብ ከነልጅ ልጁ ጠፍቶ ስሙን የሚጠራ አንድ ሰው እንኳ ሳይተርፍለት ቀርቷል! ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ስም በየገጹ እየሰበሰቡ ይመዘግባሉ። አስጠሪ ዘር ላጣ ሰው ስም ከዚህ የተሻለ ቦታ መፈለግ ከባድ ነው።

ከዚያም ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አለ (ሐዋርያት ሥራ 8)። ህንደኬ ትገዛው የነበረው መንግሥት ማእከሉ ዛሬ በሱዳን ውስጥ ያለው መርዌ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ያም ሆኖ እኛ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ይህንን ሰው የራሳችን አድርገን ስናነሣው ኖረናል። የወንጌል በኵራችን እንለዋለን። ጃንደረባ ነበር፤ ልጅ ሊኖረው አይችልም። ሉቃስ ስሙን እንኳ አልጻፈልንም። በሰረገላው ላይ ሆኖ ያነብበው የነበረው ኢሳይያስ 53ን ነው፤ የቆመበትም ስፍራ ሕይወቱ ከምድር ስለ ተወገደ፣ ትውልዱን የሚናገር ስለ ታጣ ሰው የሚያወራ ነው። ይህ ሰው ማን ነው ብሎ ፊልጶስን ጠየቀው። ልጅ የሌለው ሰው በዚያ መስመር ላይ ለምን እንደ ቆመ መገመት አያዳግትም። ፊልጶስም ከዚያው ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው፤ ሚስት ስላላገባው፣ ልጅ ስላልወለደው፣ የማቴዎስ ወንጌል የዘር ሐረግ ሁሉ ተቆጥሮ ተቆጥሮ እርሱ ጋ ሲደርስ ስለሚቆመው ጌታ። ጃንደረባው ጥቅልሉን ትንሽ ወደ ፊት ቢገልጥ ምዕራፍ 56ን ያገኘዋል። በቀረው መንገድ ላይ አግኝቶት ይሆን? አልተጻፈም። ደስ እያለው መሄዱ ግን ተጽፏል።

ባለፈው ወር ወደ እኅታችን ቤት ተመለስን። የሕይወት ታሪኩን አስተካክለን አሳትመን ነበር፤ «ባለትዳር ነበሩ፤ ልጆች አልነበሯቸውም» የሚል ሆኗል። ስለ ትንቢቶቹ ይቅርታ ጠየቅናቸው። ስለ ጾሙም ጠየቅናቸው። «የጾሙን ረስቼዋለሁ» አሉን፤ እንዳልረሱት ፊታቸው ይናገር ነበር። ከዚያ የሴሌድን ቁጥር ከፍተን ሰጠናቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ለብቻቸው በዝግታ አነበቡ። የሴሌድን መስመር አልፈው እንደገና ወደ ላይ ተመለሱ። አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ የአቢሱር ሚስት በስሟ ተጽፋለች፤ አቢካኢል ትባላለች።

«የዚህኛው ሚስት ስሟ አለ» አሉ። «የሴሌድስ?»

«አልተጻፈም» አልናቸው።

«ሚስት አልነበረችውም ማለት ነው?»

«መጽሐፉ አይናገርም፤ አናውቅም።»

ጥቂት ዝም ብለው ገጹን ተመለከቱ። «ነበረችው» አሉን። መነጽራቸውንም አውልቀው ቡናውን ሊቀዱልን ተነሡ።